የሁለት ቁጥር አልጋ ወረቀት

ይህ ታሪክ ፈጥሬ የጻፍኩት አይደለም። ሆኗል። ባይሆን በወደድኩ፤ የሆዴ ጠባሳ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

ሥራዬ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ነው። ያልተባለ ቃል መጨመር አልወድም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ከሆዴና ከወገቤ ስብ ካስመጠጥኩ አንድ ሌሊት አልፏል። ክሊኒኩ «ማገገሚያ ቤት» በሚለው፣ ከክሊኒኩ ራቅ ባለ ፎቅ፣ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ከደረቴ እስከ ጭኔ ጥፍር አድርጎ የሚይዝ ልብስ አልብሰውኛል። መቆለፊያው ከጀርባ ነው...

በራስ እጅ አይፈታም።

ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ በዕድሜ የምትበልጠኝ መምህርት ነበረች።

«ስቡን አውጥተው አሳብ አስገቡብኝ፣ እህት ዓለም» አለችኝ።

ሳቅን። መሳቁም አመመን።

ሁለታችንም ዋሽተን ነው የመጣነው። እኔ ለታናሽ እህቴ፣ እሷ ለባሏ፣ ሥልጠና ሄድን ብለናል። ስልካችንን «ለደንበኞች ምስጢር ሲባል» ተቀብለው ቢሮ ውስጥ ቆልፈውበታል። እሷ ግን ሁለተኛ ስልኳን ትራስ ልብሷ ውስጥ ሸሽጋ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ የደበቅነው ገና በጤናችን ነው።

ነርሷ በየሰዓቱ ትመጣለች። ፈገግ ትላለች። ከግርጌያችን በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሆነ ነገር ትጽፋለች። ከዚያ ወጥታ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች።

አንድም ጊዜ ሙቀታችንን አልለካችም።

መምህርቷ ይህን ታዝባ፣ የራሷን ወረቀት ስባ አነበበችልኝ። በየሰዓቱ አንድ ዓይነት ነው። «36.7። ጸጥ ብላለች።» ገና ያልደረሰው አራት ሰዓት እንኳ ተሞልቷል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነበር የምሰጠው» አለች። «ደግሞ ከአራት በኋላ የለሁም ማለት ነው።»

አሁንም ሳቅን።

ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተቃጠልኩ። ከልብሱ ሥር የማላውቀው ሽታ መጣ... የገዛ ገላዬ ሽታ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ። ነርሷ ስትመጣ እየነደድኩ መሆኔን ነገርኳት፤ ልብሱን እንድታላላልኝም ለመንኳት። ሁሉም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ እንደሚል ነግራኝ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላልኝ ሄደች።

እንቅልፍ ይሁን ራስን መሳት፣ አላውቅም።

ስነቃ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ይላል።

ሁለት ቁጥር አልጋ ባዶ ነው። አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል።

ነርሷን ጠየቅኋት። በአራት ሰዓት ባሏ መጥቶ ወሰዳት አለችኝ።

ቡናማ ጫማዋ ግን ከአልጋው ሥር ነበር። ጎን ለጎን... አፍንጫቸው ወደ በሩ።

ነርሷ እንደወጣች የራሴን ወረቀት ሳብኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ያልደረሱት ሰዓቶች ሁሉ ተሞልተዋል። 36.7። ጸጥ ብላለች።

እስከ አሥራ አንድ።

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ብዙ መቆየቴን አስታውሳለሁ፤ እግሬን ወደ ወለሉ ባወረድኩ ቁጥር ክፍሉ ይዞራል። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ልብሱ ደግሞ ለትንፋሽ ቦታ አልተወልኝም።

በዘጠኝ ሰዓት... ባዶው አልጋ መንዘር ጀመረ።

ትራሱ ነው። ስልኳ።

በክርኔ እየተሳብኩ ደረስኩ። «ባሌ» ይላል።

«አንቺ፣ ሥልጠናው አላለቀም እንዴ? ልጆቹ እኮ...»

ሚስቱ አለመሆኔን በሹክሹክታ ነገርኩት።

«እርስዎ አይደሉም የወሰዷት?» አልኩ።



«ከየት?» አለኝ።

የማገገሚያ ቤቱን አድራሻ አላውቀውም፤ ከክሊኒኩ በመኪናቸው ነው ያመጡን። በመስኮቱ የሚታየኝን ነገርኩት። ነጭ ቀለም የተቀቡ ጎማዎች የደረደረ ጎሚስታ። ከአጠገቡ ቀይ የውሃ ታንከር። ክሊኒኩ ያለበትን ሰፈርም ነገርኩት። «ፈልጌ እደርሳለሁ» አለኝ። ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፋ።

ከአልጋው ግርጌ የቀረውን የመምህርቷን ወረቀት አጣጥፌ ከማጥበቂያ ልብሱ ሥር ከተትኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ጽሑፍ ጥሎ መሄድ አልለመድኩም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነርሷ ገባች። እስክሪብቶ አልያዘችም። ክንዷ ላይ የታጠፈ ንጹሕ አንሶላ አለ። አጠገቤ ተቀምጣ የግድግዳውን ሰዓት ታይ ጀመር።

«ለምን አትጽፊም?» አልኳት።

«ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የኔ እመቤት።»

ታች በሩ ሲሰበርና የመምህርቷ ባል ሚስቱን ሲጣራ ሰማሁ። ነርሷ ግን ዓይኗን ከሰዓቱ አላነሳችም።

ሆስፒታል ልብሱን በመቀስ ቀደዱት። ከሥሩ ቆዳዬ ጠቁሯል፤ መመረዙ ደሜ ውስጥ ገብቷል። አራት ጊዜ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አነሡ። ሐኪሙ ጥቂት ሰዓት ብዘገይ ኖሮ እንደማያገኙኝ ለእህቴ ነግሯታል።

መምህርቷ አልተገኘችም። ነርሷ ለመርማሪዎቹ የሰጠችው ቃል አንድ ነው፤ በእግሯ ሄደች። ባዶ እግሯን ስትሄድ ያያት ማንም አልተገኘም።

ባሏ ጫማዋን ይዞ ቤቴ ሊጠይቀኝ መጣ። «ልጆቹ ካዩት ይጠይቁኛል፣ እዚህ ይቀመጥልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። አልጋዬ ሥር አለ።

ዛሬ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ይህን ስጽፍ ቃላቱን እንዳልሳሳት ብዬ የመምህርቷን ወረቀት አወጣሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌው ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

በአራት ሰዓት ነበር የሚያበቃው። ሁለታችንም አይተነዋል።

አሁን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ተሞልቷል። በዚያው ሰማያዊ ቀለም። 36.7። ጸጥ ብላለች። 36.7። ጸጥ ብላለች። ገለበጥኩት... ጀርባውም።

የመጨረሻው መስመር ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ይላል።

«36.7። ጫማዋን ጠይቃለች።»