ሳይቀመስ የተሠራ ኑድል

እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሺቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አባት? አባት የሚባለውን ሰው ታላቂቱ በጭንቅ ታስታውሰዋለች፤ ታናሺቱ መልኩን እንኳ አታውቀውም። የቀራቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ አሮጌ የጋዝ ምድጃና እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር። ታላቂቱ ትምህርቷን በጅምር ትታ አንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆና ገባች። እጇ እስኪላጥ አጠበች፤ ዓይኗ እስኪጠፋ ሽንኩርት ከተፈች። በሦስተኛው ዓመት በሆቴሉ የጃፓን ምግብ ክፍል ምድጃ ፊት ቆመች። ቃሪያ ላይ እጇ ስለማይሰስት ባልደረቦቿ «እሳቷ» አሏት፤ ስሙም ጸናባት።

ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለታናሿ፣ ለሚጣ፣ ውሃ ትጥዳለች። ደረቁ ኑድል፣ ያ ቀጭን የጃፓን ፓስታ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። በዚያች ሦስት ደቂቃ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትከትፋለች፤ ሰሊጥና የደቀቀ ቀይ ቃሪያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታደርግና የጋለ ዘይት ታፈስበታለች፤ ቸስ! ይላል። ከዚያ ጥቁሩ፣ ጨዋማው ሶያ ሶስ ጠብ፣ ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ፣ ከላዩ ኑድሉ፣ አስኳሉ ያልጠነከረ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ። ሚጣ እያለከለከች ትበላለች፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ እንባዋ ይወርዳል።

«እታለም፣ ልትገድይኝ ነው!»

«እንግዲያው ተይዋ።»

«ማን? እኔ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ሳቃቸው ደረጃው ላይ ይሰማ ነበር። ምነው እዚያ ላይ ባበቃ!

እሳቷ እጮኛ ነበራት፤ የሆቴሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። «ሚጣ ትምህርቷን ትጨርስ» እያለች ሠርጉን ሦስት ጊዜ አራዘመችበት፤ እሱም እሺ አለ። ቤት እየመጣ አምፖል ይቀይራል፤ ሶኬት ያስተካክላል፤ እሳቷ ሥራ ላይ ስትሆን ሚጣን ያጫውታል። ማን ይጠረጥራል? በእጇ ያሳደገቻትን፣ በጉያዋ ያስተኛቻትን እህቷን ማን ይጠረጥራል?

ሚጣ ሃያ ዓመት በሞላት በወሩ፣ አንድ እሁድ ቀትር ላይ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

«እታለም... አርግዣለሁ።»

እሳቷ አልዞረችም። «ከማን?»

ሚጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስም መጥራትስ ያስፈልግ ነበር? ውሃው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ጋዙ ሸተተ፤ ሁለቱም እጃቸውን አልዘረጉም። በመጨረሻ እሳቷ የጋዙን ቁልፍ አዞረችና ዘጋችው።

«ልብስሽን ሰብስቢ» አለች ግድግዳውን እያየች። «ስዞር እንዳላይሽ።»

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው አበሰለች። ኑድሉ የሚሸጠው በጥንድ ታሽጎ ነውና ሁልጊዜ ግማሹ ይተርፋታል። ሁለተኛውን ወንበር ለጎረቤት ሰጠችው። ሆቴል ውስጥ ከሠላሳ ሰው ጋር ስትጯጯህ ትውላለች፤ እሁድን ግን ከማለዳ እስከ ማታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ታሳልፋለች። ሰኞ ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲሏት ድምጿ ሻክሮ ይወጣል፤ ጉንፋን የያዛት ይመስላቸዋል። ያ እጮኛዋ የነበረው ሰው ሚጣን ከነሕፃኗ ጥሏት መጥፋቱን በሦስተኛው ዓመት ሰማች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም።

ሚጣ ሁለት ጊዜ ሕፃኗን አዝላ እስከ አራተኛው ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። «እታለም፣ እኔ ነኝ... ልጅቷን ላሳይሽ ብዬ ነው።» እሳቷ ከበሩ በስተጀርባ አፏን በመዳፏ አፍና ቆመች። በሁለተኛው ጊዜ ሚጣ ስልኳን የጻፈችበትን ወረቀት በበሩ ሥር አሾልካ ሄደች። የእርምጃዋ ድምፅ አራቱን ፎቅ ወርዶ እስኪጠፋ እሳቷ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ምላሷ ጠርዝ ላይ ቁስል ወጣ። ቃሪያ አቃጥሎኝ ነው ብላ ናቀችው። ሲመረመር የምላስ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ከምላሷ ገሚሱን ቆረጡ፤ የጨረሩ ሕክምና የቀረውን ጣዕም አጠፋው። ጨው ከስኳር የማትለይ ምግብ አብሳይ ማን ይፈልጋል? ሆቴሉ ሸኛት። በሽታው ወደ አንገቷ መዝለቁን ያየው ሐኪም ካርዷን ገለጠ። ስትመዘገብ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ ላይ ከዚያች ወረቀት የሚጣን ስልክ ገልብጣ ጽፋ ነበር። ሐኪሙ በዚያ ስልክ አስደወለላት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። በዚህ ጊዜ ተከፈተ። ሚጣ ያቺን ባለ ደንዳና ክንድ እህቷን ፈለገች፤ የቆመችው ግን አጥንትና ቆዳ ነበረች።

«ተቀመጪ» አለች እሳቷ በተኮላተፈ አንደበት፤ ወዳላት አንድ ወንበር እያመለከተች። ውሃ ጣደች። ሽንኩርቱን ከተፈች፤ የዘይቱን መጋል በድምፁ ለየችው፤ ጨዉን ግን በግምት ጨመረች፤ መቅመስ ለእሷ ቀርቶ ነበርና። ሚጣ ጎረሰች። ጨዉ አንደበት ይዘጋል፤ ቃሪያው ጉሮሮ ይልጣል!

«ጨዉስ?»

«ልክ ነው፣ እታለም።»

ጎረሰች፤ ደገመች፤ መረቁን እስከ ታች ጨለጠችው። እሳቷ ግድግዳውን ተደግፋ ታያታለች።

«ያን ቀን... ሳትበዪ ነው ያባረርኩሽ» አለች በጭንቅ። «ዘጠኝ ዓመት... ርቧት ሄደች... እያልኩ...»

ሚጣ ከወንበሩ ተንሸራትታ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። «ይቅር በይኝ! እታለም፣ ይቅር በይኝ!»

እሳቷ ፀጉሯን ዳበሰች። «ተነሺ፤ ውሃ ጠጪ» አለቻት። «ጨው እንደበዛ... ፊትሽ ላይ አይቻለሁ፣ አንቺ ውሸታም።»

ሚጣ ልጇን ይዛ ገባች። አብረው የቆዩት ሃያ ሦስት ቀን ነው። ልጅቷ አክስቷን ታበጥራለች፤ ተረት ታነብላታለች፤ አክስቷ ቃል ማውጣት ሲያቅታት ቃሉን ገምታ ታቀብላታለች። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አልጋው ጋ ስትደርስ፣ እሳቷ እጇ በሚጣ እጅ ውስጥ እንዳለ ትንፋሿ ቆመ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ቀባሪው ሁሉ «ዕድሏ ነው» አለ። ሕመሙን ዕድል አመጣው እንበል። ያን ሁሉ እሁድስ ማን ወሰደው? ሰው ለሰው የሚሰጠው ዕድሜ እንዲህ በእጅ ላይ እያለ ሲያልቅ ማንን ይከሷል?

ከቀብር ሲመለሱ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ አክስቴ እንዲህ የምትወደን ከሆነ ለምን ቀደም ብለን አልመጣንም?»

መጥተን ነበር... ቃሉ ሚጣ ጉሮሮ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«መንገዱ ጠፍቶብኝ ነው፣ የኔ እናት» አለቻት። «እኔ ነኝ መንገዱ የጠፋብኝ።»