ከመፀው በፊት የምትሄደው

በዘምባር መንግሥት፣ መፀው በሚገባበት ዕለት፣ የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ድምፅ ግን አልሰጠም። መቺው ደጋግሞ ጎሰመው። የራሰው ቆዳ ወደ ውስጥ ሰረጎደ፣ ተመልሶም ዝም አለ። በአደባባዩ የተሰበሰበው ሕዝብ ቀና ብሎ ሰማዩን ቢያይ ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነው፤ ዝናቡም እንደ ያዘ ነው።

ወሩ አለፈ፣ ዝናቡ ግን አላለፈም። ገብሱ በቆመበት ይበሰብስ ጀመር፣ ጤፉ እንደ ተኛ ቀረ፣ የሞሉት ወንዞችም መንደርን ከመንደር ለያዩ። ንጉሥ ሣህለ ፀዳል ሦስት ነገሥታትን የቀበሩትን ዐይነ ስውሯን ነቢይት፣ እሜቴ ሐመልማልን ወደ ጉባኤ አስጠርተው፣ «ምን በደልን?» ሲሉ ጠየቁ።

«መፀው እንግዳ ናት ጃንሆይ» አሉ እሜቴ። «እንግዳ ሲመጣ እልል ብሎ መቀበልማ ለማን ይቸግራል? የሰው ሰውነቱ የሚታወቀው ሲሸኝ ነው። አምና የልዕልቲቱ ሰርግና የመፀው መሰናበቻ በአንድ ቀን ዋሉ። ሕዝቡ ‹መኳንንቱ ሸኝተዋታል› አለ፤ መኳንንቱም ‹ሕዝቡ ሸኝቷታል› አሉ። እሷ ግን እስከ ደጅ እንኳ አብሯት የሚወጣ ሳታገኝ ብቻዋን ሄደች። ቅር ብሏታል። አትመጣም።»

ጉባኤው አንገቱን ደፋ። የዘምባር ሰው ጠበኛ ቢሉት ይስቃል፣ ሆዳም ቢሉት ይጨምራል፤ እንግዳ ሳትሸኝ ቀረህ ከተባለ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

«ማን ሄዶ ይመልሳት?» አሉ ንጉሡ።

«ከሁሉ አብልጦ የናፈቃት።»

ይህን ጊዜ መኳንንቱ አንድ በአንድ እየተነሡ ናፍቆታቸውን በረጅሙ ተናገሩ። አንዱ በግጥም ሳይቀር ናፈቀ። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ፣ በሩ አጠገብ የቆመች፣ የሞላውን ወንዝ በዋና ተሻግራ ከልብሷ ውኃ የሚንጠባጠብ አንዲት ወጣት ወደ ፊት ወጣች።

ማዕዶት ትባላለች። ወላጅ የላትም። ከወንዝ ማዶ፣ በእርሻው መካከል ከተተከለ ማማ ላይ ሆና፣ በወንጭፍ ወፍ እየጠበቀች ትኖራለች። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ወደ እሷ የሚሻገር ሰው የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅ እንዳይጠፋባት ስትል ለብቻዋ ታወራለች፤ አንዳንዴም የምታውቃቸውን ሰዎች ድምፅ በልቧ እየሰማች ትመልስላቸዋለች። መፀው ሲገባ ግን ጉሙ ከሸለቆው ይነሣል። ሰማዩ ታጥቦ ይጠራል፤ ሜዳው እስከ ተራራው ጥግ ድረስ ቢጫ ይለብሳል። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዮቹ ብቅ ይላሉ፣ በድንጋዮቹም ላይ እየዘለሉ አጫጆች ይሻገራሉ። ከማማው ሥር ሆነው ይጠሯታል፣ ይቀልዱባታል፣ ከምሳቸውም ያካፍሏታል። ሌላው ሰው መፀውን ለእሸቱም ለአበባውም ይወዳት ይሆናል። ለማዕዶት መፀው ማለት ሰው ማለት ነበር።

«ጃንሆይ፣ እኔ ንግግር አላውቅም» አለች። «ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ከሰው ጋር ስነጋገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዳችን በእኛ ጥፋት ቀርታለች፤ እኔ ልሂድ። ሳላመጣት ብመለስ የዘምባር አፈር አይቀበለኝ!»

እሜቴ ሐመልማል ድምፅዋን ሰምተው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመኳንንቱ ጀርባም አንድ ሽማግሌ ወታደር ሰይፉን እየታጠቀ ተነሣ። ባሻ ቀፀላ ነው፤ ጉልበቱ የታመመ፣ ንግግር የማይወድ ሰው። «አንድ እንጨት አይነድም» አለና ቀድሟት ወጣ። ለረጅም መንገድ ከዚያ የረዘመ ነገር ከአፉ አልወጣም።

እሜቴ በነገሯቸው መንገድ ብዙ ቀን በጭቃ ተጉዘው ጉመል ከሚኖርበት ገደል ደረሱ። ጉመል ከጉም የተፈጠረ አውሬ ነው፤ ጥርስም ጥፍርም የለውም። የሚገድለው በምትናፍቀው ሰው ድምፅ እየጠራ ወደ ገደሉ አፋፍ በመሳብ ነው። ሁለቱ ወገባቸውን በአንድ ገመድ አስረው ወደ ጉሙ ገቡ።

ወዲያው ማዕዶት የአጫጆቹን ድምፅ ሰማች። ሁሉም ነበሩ። «ማዕዶት ቆንጆዋ! ማዕዶት ጀግናዋ! ነይ፣ አንቺን ብለን መጣን!» ይሏታል። ልቧ ዘለለ፤ እግሯም ተነሣ። ግን እነዚያ ሰዎች ቆንጆ ብለዋት አያውቁም። የሚወዷት ሰዎች ያሾፉባት ነበር እንጂ አያሞግሷትም ነበር። እግሯን መለሰች።

ያን ጊዜ ገመዱ ወገቧን ጨምድዶ ሳባት። ባሻ ቀፀላ በጦርነት የሞተበትን ልጁን እየሰማ ወደ አፋፉ ይሮጥ ነበር። «መጣሁ ልጄ! መጣሁ!» ይላል። ማዕዶት ተረከዟን ከድንጋይ ጋር አላትማ ገመዱን ያዘች። እጇ ተላጠ፣ አልለቀቀችም።

«ባሻ! ልጅዎ ሲጠራዎ እንዲህ ነበር ወይ?» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው አንድ እግሩን ገደሉ ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ቆይቶም፣ «የለም፤ ይኼ አይንተባተብም። የኔ ልጅ ይንተባተብ ነበር» አለ። በጉልበቱ ተንበርክኮም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱም እንባ ብዙ ነበር። ጉመል የሚሰማው ሲያጣ እየሳሳ ሄዶ ተበተነ።

መፀውን ከገደሉ ማዶ፣ ከአንድ ዋሻ ውስጥ አገኟት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ከራስ እስከ እግሯ ተከናንባ ተቀምጣለች። ማዕዶት ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ «እመቤቴ፣ ሳንሸኝሽ ቀርተናል። አጥፍተናል» አለች።

«እኔን የከፋኝ አለመሸኘቴ ብቻ አይደለም» አለች መፀው ሳትዞር። «ብቻዬን ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ። ከእንግዲህ ከፊቴ የሚሄድ ሰው ካልሰጣችሁኝ አልነሣም። የሚቀድመኝ ሰው ግን ወደ ኋላ ዞሮ አያየኝም። እኔን ያየ ሁሉ ይቆማልና፤ መሪዬ ከቆመ እኔም እቆማለሁ፣ እኔ ከቆምሁ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ያሉት በዝናብ ያልቃሉ። ከአገር አገር፣ በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልኩን ከፊቴ ይሄዳል። ዝናቡ ሁልጊዜ በሱ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ከኋላው ነው።»

«እኔ አለሁ» አለ ባሻ።

«ጉልበትህ ሁለተኛውን ተራራ አያወጣህም።»

ለማዕዶት ቢጫው ሜዳ ታያት፤ ከማማው ሥር የሚበላው ምሳም ታያት። ያ ሁሉ እንዲመለስ ነበር የመጣችው። አሁን ሊመለስ ነው፤ እሷ ግን አትኖርበትም። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ብዙ ካሰበች እንደማትነሣ ስላወቀች ቶሎ ተነሥታ ፊቷን ወደ ዋሻው በር አዞረች።

«ተነሺ እመቤቴ» አለች። «መንገዱ በዚህ ነው።»

ከኋላዋ መከናነቢያው ሲወድቅ ሰማች። ማጅራቷ ሞቀ፣ እርጥብ ሣር ፀሐይ ሲነካው የሚሸተው ሽታም ደረሳት። ባሻ ቀፀላ ትንፋሹ ሲቆረጥ ሰማችው። አልዞረችም።

ወደ ዘምባር ሲወርዱ ማዕዶት በመጨረሻው ዝናብ ውስጥ ትሄድ ነበር። ሰዎች ከደጃፋቸው ሆነው ስታልፍ አዩዋት፤ ዝናቡ አባርቶ ሲወጡ ግን እሷ ርቃለች። ወዲያው ከኋላዋ የበሮች መከፈት፣ የሴቶች እልልታ፣ ማዶ ለማዶ የሚጠራሩ ሰዎች ድምፅ ተሰማ። አንዲት ንብ በጆሮዋ አጠገብ እያዜመች አለፈቻት። ዝናቡ ሲነካት ደንግጣ ተመለሰች። ማዕዶት ያቺን ንብ እንዴት እንደ ቀናችባት ማንም አያውቅም።

ባሻ ቀፀላ በአበባው መካከል ቆሞ ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው መንቀሳቀስ አቅቶት ቆሞ ነበር። በኋላ ምን እንደ ታወሰው እንጃ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቱ እያነከሰ ሮጠና ከዝናቡ ውስጥ ደረሰባት።

«ይመለሱ እንጂ ባሻ፤ ይበሰብሳሉ።»

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ሄዱ። ጥቂት ቆይታ፣ «ምን ይመስላል?» አለች።

ባሻ ቀፀላ ግንባሩን አከከ። «ቢጫ ነው» አለ።

ማዕዶት ሳቀች። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

«እንግዲህ … ብዙ ቢጫ።» ደግሞ አሰበ። ላብ በላብ ሆነ፤ ለጦር ሜዳ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። «አንድ ሽማግሌ አየሁ። አልጋውን አስወጥቶ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። አንዲት ሴት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ ልብሱን እንደ ያዘች ቆማ ቀርታለች። ልጆቿ ይጠሯታል፣ አትሰማቸውም። ሁለት ጎረቤታሞች፣ የተጣሉ ይመስለኛል፣ አጥር ላይ ተደግፈው አንድ ሜዳ ያያሉ። አይነጋገሩም፤ ግን አብረው ያያሉ።»

«ሌላስ?»

ሌላም ነገራት። ሰውየው በዕድሜው ሁሉ የቆጠበውን ቃል በዚያ መንገድ ጨረሰው። እሷም ፊቷን ወደ ዝናቡ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና ታየዋለች። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ጉልበቱ ከዳው፤ ቢሆንም ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ከታች ሆኖ እየጮኸ ይነግራት ነበር።

በመጨረሻ ድምፁ መሰማቱን አቆመ። ከተራራው ወዲያ ያለው ሕዝብም ክረምቱ እስኪያበቃለት ይጠብቅ ነበርና፣ ማዕዶት እርምጃዋን አፈጠነች።