የበግ በሽታ የሚለው ምድብ

ሰለሞን የሞተው ኮምፒዩተሩ ፊት እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። እግሩ ሥር ያለው የከሰል ማንደጃ አመድ ሆኗል። የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ የሚታወቅ ነውና ማለዳ የተቆለፈውን በር ሰብሮ የገባ ሁሉ «ጭስ ነው የገደለው» እያለ ከንፈሩን መጠጠ።

ኢንስፔክተር ጽናት ግን ከወንበሩ በስተጀርባ ያለውን መስኮት አየች። መስተዋቱ የወለቀበትን ቀዳዳ ሰለሞን ለአየር ብሎ የተወው ነበር። አሁን በጓሳ ሣር ተወትፏል፤ ያውም ከውጭ። ሣሩ ከዘበኛው ከጋሽ ዳኜ ማማ ክዳን ላይ የተነጨ ነው።

ወሩ የ2002 ምርጫ የቀረበበት፣ ሰው ጥላውን የሚጠረጥርበት ነበር። የዚህች ትንሽ የመረጃ ማዕከል ባለሙያ ሰለሞን፣ ፕሮግራም የሚጽፍበትን የጽሑፍ ማረሚያ ሶፍትዌር እንደ ልቡ አስተካክሎ፣ ከየድረ ገጹ የሚመጣው ዜና በየምድቡ ተለይቶ እንዲገባለት አድርጎ ነበር፦ እርሻ፣ ጤና፣ ስፖርት፣ የበግ በሽታ። የበጉ ምድብ ለቀበሌዎች ከታተመ በኋላ ማታ ማታ ራሱን ያጸዳል። የተከለከለውን የፖለቲካ ዜና ደግሞ ስፖርት ውስጥ ደብቆ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ያነበው ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረቻት ባልደረባው እስከዳር ናት። ከሰሉን አቀጣጥላለት የሄደችው እሷ ናትና የምትታሰረውም እሷ መሆኗን ሁሉም አምኗል። ቤቷ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ጽናት እንድትከፍትላት ስትጠይቃት ስፖርትን ከፈተች። ከኳስ በቀር ምንም የለም። እስከዳር ደነገጠች።

«ዜናው እስከ ትናንት ከሰዓት እዚሁ ነበር» አለች።

ጋሽ ዳኜ ብርዱ ሲጠናባቸው ማማውን ትተው ቤታቸው መግባታቸውን ተናዘዙ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ምንይሉ ትናንት ጠዋት ራቤል ከተማ ሄደው ዛሬ መመለሳቸውን ተናገሩ።

«ሙት ማማት አይደለም፤ ግን የተከለከለ ዜና የበግ በሽታ ውስጥ ደብቆ ያነብ ነበር። ጠላት ያበዛ ልጅ ነው» አሉ።

ጽናት አመሰገነቻቸው። ረፋዱ ላይ ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዜናው ከስፖርት ወደ በግ በሽታ የተዛወረው ትናንት ማታ ነው። የማረሚያው ማስተካከያ ፋይል የተቀየረበትን ሰዓት ይናገራል። አብራው የምትሠራው እስከዳር እንኳ አላወቀችም። አቶ ምንይሉ፣ እርስዎ ራቤል ሆነው እንዴት አወቁ?»

«ሰው ነገረኝ።»

«ማን? በሩ ተቆልፎ ነበር። ያን ስክሪን ሊያይ የሚችለው ከጀርባው በዚያ ቀዳዳ ያጮለቀ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ራቤል አልሄዱም። አጮልቀው አዩ፤ ከሰሉንም አዩ፤ ከዚያ ቀዳዳውን በጓሳ ወተፉት።»



«ፈራሁ» አሉ አቶ ምንይሉ። «ማሽኑ የተመዘገበው በስሜ ነው። ብጠቁመው አብሬው እስር ቤት እገባለሁ፤ ዝም ብል ሌላ ሰው ሁለታችንንም ይጠቁመናል።»

ጽናት እስከዳርን የበጉን ምድብ ክፈቺው አለቻት። ባዶ ነው። ሰለሞን ዜናውን እዚያ ያስገባው ከበጉ ጋር አብሮ እንዲጸዳ ነበር፤ ምንጩንም ከማስተካከያው ሰርዞታል።

«እሱም ፈርቶ ነበር» አለች። «እርስዎ ቀዳዳውን ሲወትፉ እሱ እያጠፋው ነበር።»

«ባዶ ነው?» አሉ አቶ ምንይሉ።

እስከዳር ነጠላዋን አንሥታ ወደ ልጇ ሄደች።