ሰባት ቋጠሮ

ኢንስፔክተር ፋና ጎረቤላ መንደር ስትደርስ ዘርአ ዳዊት እንደተኛ ቀርቷል። ምንጣፍ ሠሪ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር የሱፍ ቀለም አለ። አንገቱ ላይ ከወር በፊት ለምርመራ እጢ የወጣበት ስፌት ይታያል። ራስጌው ያለው ዋንጫ ማርና መራራ ቅጠል ይሸታል።

መንደሩ ጣቱን ወንድሙ ወልደአረጋይ ላይ ቀስሯል፤ በድንበር ተጣልተው ነበርና። ፋና ግን መንደር ለመፍረድ ሲቸኩል አትወድም።

«ምን አሞት ነበር?» አለችው ወልደአረጋይን።

«ምንም። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን የደም ካንሰር ይመስላል አሉን፤ ከእሱ ደበቅነው። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ በደንብ ሲታይ ግን ኢንፌክሽን ያሳበጠው እጢ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ካንሰር ይመስላል እንጂ አይደለም ተባልን። ወረቀቱን እኔው አመጣሁ።»

የሟቹ ሚስት ወለተሐናም ከሐኪሙ አፍ ሰምታለች። «ጤነኛ ባሌን ነው የቀሙኝ» አለች።

ታላቅ እህቱ አልታየች ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «እንግዲህ ከስቃዩ አረፈ» አለች።

ፋና ጓዳ ገብታ ፈተሸች። ከእንስራው ጀርባ እንደ ዋንጫው መራራ ቅጠል የሚሸት ጠርሙስ አገኘች፤ አንገቱ ላይ ባለው ክር ስድስት ቋጠሮ አለ፣ የሰባተኛው ቦታ ተፈትቶ ተጨማድዷል። ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰበች።

«ሊገድል ያሰበ ለሰባት ጠዋት አይቀምምም» አለች። «ይህ የባህል መድኃኒት ነው፤ በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። ማሩም ምሬቱን እንዲችለው ነው። የሰጠው የሚወደው ሰው ነው፤ ታሟል ብሎ ያመነ። ወልደአረጋይ ወረቀቱን ይዟል፤ ወለተሐና ሐኪሙን ሰምታለች። ሁለቱም ጤነኛ ነበር ይላሉ። ጤነኛ ሰው ከምን ስቃይ ያርፋል፣ እትዬ አልታየች?»

አልታየች ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «እንዲያድነው ነበር። አንዱን ብቻ ነው የሰጠሁት።»

«ደህና ነው ብዬሽ አልነበር?» አለ ወልደአረጋይ። «ምነው ሳታምኚኝ?»

«እናታችን የሞተች ዕለትም ‹ትንሽ አሟት ነው፣ ነይ› ብለህ ነው የጠራኸኝ። ድንኳን ተተክሎ ደረስኩ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። መርዶ መደበቅ የሁላችንም ደግነት ነውና ፋና የምትወቅሰው ሰው አጣች፤ ሕግ ግን ሕግ ነው፣ አልታየችን «እንነሳ» አለቻት።

ወልደአረጋይ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ማንበብ እንደማትችል እያወቀ፣ እህቱ እጅ ላይ አኖረላት።

«እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ያን ጊዜ አመነችው።