ሁለት ቋጠሮ

ቅዳሜ፣ የዐስር አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው፣ ጎማ ተራ በሚገኘው የጋሼ ረዲ ሱቅ በር ላይ አራት ሰዎች ነበሩ። የጋሼ ረዲ ልጅ ሙደሲር፣ ታናሽ እህቱ ሀስና፣ ጎማ የሚያስረውና የሚፈታው ጁነዲን፣ እንዲሁም ምንይሉ የሚባል ሹፌር። ጋሼ ረዲ ራሳቸው ለለቅሶ ወራቤ ሄደዋል።

ምንይሉ ሊገዛ አልመጣም። ከጁነዲን እግር ሥር የነበረውን የብሎን መፍቻ ብረት አነሳና የሱቁን መስታወት በአንድ ምት አደቀቀው። ስብርባሪው ለፈተና ስታጠና በነበረችው በሀስና ጭን ላይ ፈሰሰ።

«ሁለት ጎማ ያሰረልኝ ማነው?»

«ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ...» አለ ሙደሲር።

«ልጄ እምነት ሆስፒታል ተኝታለች! እጇ ሁለት ቦታ ተሰብሯል! ከእንጦጦ ቁልቁል ስንወርድ መኪናው ድንገት ተንገጫገጨ፣ ጎማው አልዞር አለ፣ ቦይ ውስጥ ገባን። መካኒኩ ከሥር ሲፈታው የመሀሉ ማርሽ ጥርስ ሁሉ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ‹እንዲህ ያለ መኪና ላይ ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር ማን አሰረልህ?› አለኝ። ማነው?»

በረንዳው በሰው ተሞላ። «ጎማ ተራ ዛሬ ቦክስ በነፃ ነው!» አለ አንድ ተሸካሚ። የሳቀለት የለም።

ሙደሲር ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጁነዲን ዘረጋ።

«ያሰረው እሱ ነው። ባለሙያው እሱ ነው፤ እኔ ሻጭ ነኝ።»

ብረቱ በጁነዲን ትከሻ ላይ ወረደ። ሀስና ድምፁን ሰማች። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ጁነዲን በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ምንይሉ ደረቱ ላይ ረገጠውና ከተደረደሩት ጎማዎች ጋር አላተመው። ጎማዎቹ ተንደው አንዱ እየተንከባለለ ሕዝቡ መሀል ገባ።

«ተናገር! ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ጁነዲን ከአፉ ደም ተፋ። ሙደሲርን ቀና ብሎ አየው።

ሀስና እንዲናገር ጠበቀች። እውነቱን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይኸው መኪና እዚሁ ቦታ በክሪክ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ምንይሉ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ጁነዲን እንደ ልማዱ ሲባጎውን አወጣ። «ሀስኒ፣ ጫፉን ያዥልኝ» አላት። ሲባጎውን በአዲሱ ጎማ ዙሪያ ጠመጠመና ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠረ። ከዚያ ከኋላ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ጠመጠመና እንደገና ቋጠረ። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ጣቶቹን አስቀመጠ።

«ሙዴ፣ ሦስት ጣት ይበላለጣሉ» አለ። «ይሄ መኪና ሁልጊዜ በአራቱም ነው የሚነዳው። የፊቱና የኋላው መሀል ላይ ተያይዘዋል። አሮጌው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ አዲሱ ቀስ ይላል። መሀል ያለው የማርሽ ጥርስ ሲጓተት ውሎ ይቃጠላል። አራቱንም ይቀይር።»

«አራት ከየት ላምጣ? የቀሩትን ሁለቱን ለሌላው ደንበኛችን ለመስፍን ቃል ሰጥቼበታለሁ።»

በጎማ ተራ ቃል የተሰጠበት ጎማ እንደ ተሸጠ ነው። ጋሼ ረዲ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል ይሉ ነበር።

«እንግዲያው ለሰውየው ንገረውና አራት ካለው ጎረቤት ይግዛ» አለ ጁነዲን።

«ደንበኛዬን ለጎረቤት? አባባ ሲመጣ ምን ልበለው? አትነጅሰኝ ባክህ። ዝም ብለህ እሰር!»

ምንይሉ ሲመለስ ሙደሲር እየሳቀ ተቀበለው። «ጋሼ፣ ሁለቱ ይበቃዎታል። የኋላዎቹ ገና አንድ ክረምት ይሄዳሉ» አለው። ጁነዲን ሲባጎውን በሱቁ በር ምስማር ላይ ሰቀለው።

አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል።

ጁነዲን ለምን ዝም እንዳለ ሀስና ገባት። እናቱ ሲሞቱ ከወራቤ አምጥተው ያሳደጉት አባቷ ናቸው። ከእነሱ ትሪ ይበላል፤ የሚተኛው ከሙደሲር ጋር ነው። ያሳደገውን ቤት ልጅ አሳልፎ ከሚሰጥ ሌላውም አጥንቱ ቢሰበር ይመርጣል።

«ይሄ ሰው ሊገድል ነው!» ብለው ሰዎች ጮኹ። ከሕዝቡ ሁለቱ ገላጋይ መስለው ገቡና ጁነዲንን ያዙት፤ ግን አንዱ «ሕፃን ያስጨረሰ!» እያለ በጥፊ ያጮለው ጀመር። ሌላ ሰው ከኋላ በእርግጫ ጨመረበት። እምነት አለመሞቷን ያስታወሰ የለም። ሀስና ደብተሯን ጥላ በመካከላቸው ገባች። የማን እንደሆነ ያላየችው ክርን አገጯን መታት። መስታወቱ ላይ ወደቀችና መዳፏ ተቆረጠ።

ፖሊስ ፊሽካ እየነፋ መጣ። ብረቱን ከምንይሉ እጅ ሳይቀበል መጀመሪያ የጁነዲንን ኮሌታ ጨበጠ።

«ያሰርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጁነዲን።

«ሳትነግረው?»

ጁነዲን አንገቱን ደፋ።

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

ሙደሲር ወደ ሀስና ዘወር አለ። ድምፁ ረጋ ያለ፣ ቤት ውስጥ ሲያናግራት እንደሚያደርገው ነበር። «እሷ ማክሰኞ አልነበረችም። አይደል ሀስኒ?»

ሀስና ላይኛው ከንፈሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። ዓምና ዱባይ ተራ ሁለት ልጆች ስልኳን ሊነጥቋት ሲታገሉ የሰነዘሩባትን ምላጭ በፊቱ የተቀበለው እሱ ነው። ደሙ በሸሚዙ እየወረደ «ምንም አልሆንኩም፣ አታልቅሺ» ብሏት ነበር። ለአባቷም አልነገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ካለ ምንም አትፈራም።

አሁን ፈራች።

የጁነዲን ቀኝ እጅ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። ሊያነሳው ሞከረና ዓይኑን ጨፈነ።

ሀስና ተነሣች። ከበሩ ምስማር ላይ ሲባጎውን አወረደች። ከመዳፏ የሚወርደው ደም ነጩን ሲባጎ አቀላው።

«ነበርኩ» አለች። «ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይሄ የአዲሱ ነው፣ ይሄ የአሮጌው። ጁነዲን አራቱንም ይቀይር ብሎ ነግሮታል። ዝም በል ያለው...» ወደ ሙደሲር ዞረች። «ወንድሜ ነው።»

ጥፊው ዓይኗ ሥር አረፈ። የሙደሲር እጅ ነበር። ከመታት በኋላ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«አንተ ነህ ለካ!» ምንይሉ ብረቱን በሁለት እጁ ከፍ አደረገ። ፖሊሱ አልደረሰም። የደረሰው ጁነዲን ነው፤ በደህናው እጁ ብረቱን አየር ላይ ያዘው። ሁለቱም ተንገዳገዱ።

«ይበቃል ጋሼ» አለ። ጥርሱ በደም ቀልቷል። «እኔን መትተዋል። የእሱንም ድርሻ አስገብተው ይቁጠሩልኝ።»

ምንይሉ አፈጠጠበት። ብረቱን ለቀቀና በተናደው ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «እጇን እኮ ማንቀሳቀስ አልቻለችም» አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሙደሲር እህቱን ሳያያት እጆቹን ለፖሊሱ ዘረጋ።

«ሀስኒ፣ ምን አደረግሽ?» አለ ጁነዲን በሹክሹክታ።

አልመለሰችለትም። ሲባጎውን ጠቅልላ ለፖሊሱ ሰጠችው።

ፖሊሱ ምንይሉንና ሙደሲርን አንድ ላይ ወሰዳቸው። ሀስና የሱቁን መዝጊያ አውርዳ ቆለፈች። ጁነዲንን በደህናው ጎኑ ደግፋ ወደ ክሊኒክ ሄደች። በርበሬ በረንዳ ሲደርሱ ስልኳ ጠራ። አባቷ ከወራቤ ነበሩ። አነሳችው።