«እንብላ» የማይባልበት ቤት

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ማስፈራራት ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ጉልበት የለኝም።

የሆነ ነገር ነው። በእኔና በአባቴ ላይ የደረሰ። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... አልከራከርም።

የተጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ። እዚሁ ላሊበላ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ ባለች አንዲት ርካሽ ምግብ ቤት ውስጥ።

አሁን የምጽፈው ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሆኜ ነው። የማድረውም እዚሁ ነው። ለምን ቤቴ እንደማላድር ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ሰብሌ እባላለሁ። ሥራዬ አንሶላ ማጠብ ነው። እንግዳ ሲበዛ አንሶላው ይበዛል። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ሠራተኛ ይቀነስና የቀረነው የሁሉንም እናጥባለን። ያው ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ክንዴን ማንሳት ያቅተኛል።

ቤት ውስጥ ደግሞ አባቴ አሉ። የኔታ ሰይፈ ሥላሴ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ እህል መቅመስ ተዉ።

በሽታ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው «ምንም የለባቸውም፣ ይብሉ ብቻ» ተባልኩ። ይብሉ! ይህንንማ እኔም አላጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴና እናቴ ከተጋቡ ጀምሮ የበሉት ከአንድ ገበታ ነው። አንዱ ካልመጣ ሌላው አይቆርስም። እሷ ከሄደች በኋላ ምግብ ሳቀርብላቸው ከማዶ ያለውን ባዶ ቦታ ያዩና እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ።»

«እኔ አለሁ አይደል? ይኸው አብሬዎት እየበላሁ ነው።»

መልሰው ባዶውን ቦታ ያያሉ። ያ ያመኝ ነበር። እኔ ገበታው ላይ ተቀምጬ፣ እሳቸው እንደሌለሁ ነው የሚያዩኝ።

ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነበር። ጾም በማይጾምበት ጊዜ አባቴ ብቻቸውን ይጾማሉ። ጉንጫቸው ጎደጎደ። እንዲህ ከቀጠሉ ክረምቱን እንደማያዩት ገባኝ።

የሁለት ቀን ዕረፍት ወጥቼ ነበር፤ ያን ቀን ምግብ ሠርቶ መልሶ ማንሳቱ ሰለቸኝ። ሰው መሃል ባስቀምጣቸው ይበሉ ይሆናል ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

የእትዬ ባንችይርጋ ቤት የታወቀች ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሽሮ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ። ሹፌሩም፣ ሥራ የጠፋበት አስጎብኚም፣ ከቅዳሴ የወጣው ዲያቆንም እዚያ ነው የሚበላው። ሲበሉ ቢውሉ የሚያስነሳ የለም።

ስንገባ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ እየበላ ነው።

ግን... ማንም «እንብላ» አላለንም።

የእኛን አገር ሰው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆሎ እየቆረጠመ እንኳ ቢሆን፣ ሰው ሲመጣበት «እንብላ» ሳይል አይውጥም። እዚያ ቤት ግን ለየኔታ ብድግ አሉላቸው፣ እጅ ነሱ፣ ቦታ ለቀቁ... አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ተመልሰው አቀርቅረው መብላት ያዙ።

ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ሁሉን ነገር ድካም ነው እያልኩ ነው የማልፈው።

ሽሮው መጣ። አባቴ አዩትና እንደለመዱት እጃቸውን ሰበሰቡ።

እኔ ርቦኝ ስለነበር ቆረስኩ። ወደ አፌ ላደርሰው ስል ቀና ብል፣ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ከፊቷ ምንም ምግብ የለም።

ሰው ባዶውን ተቀምጦ እያዩ መብላት ነውር ነው። አስቤበት አይደለም። ምላሴ ነው የቀደመኝ።

«እንብላ!» አልኳት።

ቤቱ ቀጥ አለ።

የሚያኝክ ሰው ጠፋ። አጠገባችን ያለው ሹፌር የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

እትዬ ባንችይርጋ ከማድ ቤት ወጥተው መጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ለማን ነው ያልሽው?» ሹክ አሉኝ።

«ለዚያች... ጥግ ላለችው ሴትዮ።»

ወደ ጥጉ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«ጥግ ላይ ሰው የለም፣ ልጄ።»

አየሁ። ወንበሩ ግድግዳው ፊት ለፊት ነው። ባዶ ነው።

«እዚህ ቤት እንብላ አይባልም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው። «የነገረሽ የለም እንዴ?»

በዚህ መሃል አባቴ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አማተቡ። ቆረሱ።

በሉ!

ስንት ጊዜ የለመንኳቸው ሰው፣ ሳልናገራቸው በሉ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ባንችይርጋንም፣ ጥግ ላይ አየኋት ያልኩትን ሴትም ረሳሁ።

ስንነሳ ግን ትሪውን አየሁት። በእኔ በኩል ትንሽ ተቆርሷል። በአባቴ በኩል ብዙ ተቆርሷል። ማንም ባልተቀመጠበት በሦስተኛው በኩል ደግሞ... እንጀራው ተበልቶ ትሪው ታይቷል።

በማግስቱ አባቴ ራሳቸው ቀሰቀሱኝ። «ዛሬም እንሄዳለን አይደል?» አሉኝ። መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቴ ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

እትዬ ባንችይርጋ ሳይጠየቁ ውኃ አመጡ። ሦስት ብርጭቆ። ዓይኔን ሳያዩኝ አስቀምጠው ሄዱ።

አባቴ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ባዶው በኩል ዘረጉ። እጃቸው ባዶውን ተመለሰ።

ነጠላዬ የወደቀብኝ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር አጎነበስኩ። መሬቱ ንጹሕ ነው። የወደቀ ፍርፋሪ የለም።

«አባባ... ማንን ነው የሚያጎርሱት?»

ፈገግ አሉ። «እናትሽን ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔስ?» ማለት ፈልጌ ነበር።  ተነስቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

«እትዬ፣ እውነት እናቴ ናት?»

ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም።

«ሁሉም የራሱ ይመስለዋል» አሉ። «ለዚያ ሹፌር ወንድሙ ነው። ለእኔ ልጄ ነበረች።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«የራበው ነው። ሌላውን አላውቅም።»

«ለምን ቤቱን አይዘጉትም?»

«ብዘጋው የት ይሄዳል?»

ቢላዋው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«የኔታን ከዚህ በኋላ አታምጫቸው። ዝም ካሉት የሰው ትራፊ በልቶ ይቀመጣል። የጠራው ሰው ካለ ግን... ይለምዳል። ቦታ ይይዛል።»

«የምን ቦታ?»

ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

መተው ነበረብኝ። አውቃለሁ። አትፍረዱብኝ ግን። የአባቴ ጉንጭ መሙላት ጀምሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዜማ ያንጎራጉራሉ። እኔም ከሥራ ገብቼ ሽማግሌ ስለማመጥ ማምሸቴ ቀረ፤ ስገባ ወድቄ መተኛት ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ማንም ይሁን ማን፣ አባቴን ካበላልኝ አብሮ ይብላ አልኩ።

ደግሞ ሥራ ሲበዛብኝ ብቻቸውን ይሂዱ አልኩ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ «የዛሬው ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«እኔ የት አውቄ፣ አባባ? ሥራ ነው የዋልኩት።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ሰብሌ አብራኝ ነበረች እኮ...» አሉ።

እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ጎረቤታችን አመተ ማርያም ግን አላረጀችም። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ውኃ ስቀዳ አገኘችኝና አገጬን ይዛ አየችኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? ትናንት ከየኔታ ጋር ሳይሽ ደህና አልነበርሽ? ስትስቂ ነው ያየሁሽ።»

ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ እዚሁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ።

ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት። እበላለሁ፤ አይጠጋኝም። አባቴ ደግሞ የእናቴን ስም ማንሳት ትተዋል። አሁን የሚያወሩት ስለ ሰብሌ ብቻ ነው። ሰብሌ እንዲህ አለች፣ ሰብሌ እንዲህ አጎረሰችኝ ይላሉ። የሚያወሩት ለእኔ ነው።

አስፈቅጄ ከሥራ ወጣሁ። የእትዬ ባንችይርጋ ቤት በር ላይ ስደርስ ሰው እንደልማዱ አቀርቅሮ ይበላል።

አባቴ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ከማዶ አንዲት ሴት አለች። ጀርባዋን ነው የማየው።

አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ክርኑ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

እጄን ወደ ክርኔ ሰደድኩ። ሹራቡ ገላዬ ላይ ነው። ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት።

አባቴ ጉርሻ ጠቀለሉ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው። መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ይታየኛል። ታኝካለች።

አባቴ ቀና ሲሉ በሩ ላይ ቆሜ አዩኝ። ሰው የማያውቀውን ሰው ሲያይ የሚያሳየውን ትሕትና አሳዩኝ።

«ይግቡ፣ እንብላ» አሉኝ።

«አባባ... እኔ ነኝ። ሰብሌ ነኝ።»

ፈገግ አሉ።

«ሰብሌስ ይችትና፣ ልጄ» አሉ ወደ ማዶ እያሳዩኝ።

ሴትዮዋ አልዞረችም። ማኘኳን ግን አቆመች። እያዳመጠችኝ ነበር።

መጮህ ነበረብኝ። ትሪውን መገልበጥ ነበረብኝ። ጉልበት ከየት ይምጣ? እግሬ ራሱ ነው አዙሮ ወደ ቤት የወሰደኝ። ዳገቱን ሦስቴ አርፌ ወጣሁት። ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሲመጡ አቅፌያቸው አለቅሳለሁ፣ ያኔ ያውቁኛል ብዬ አሰብኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል የመቋሚያቸው ድምፅ ተሰማኝ። ሳቅም ሰማሁ። አባቴ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ስቀው አያውቁም።

እየሳቁ መጡ። በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ።

ብቻቸውን ናቸው። ተመስገን አልኩ። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ዓይናቸው በርቷል። የለመንኩት ይህንኑ አልነበር? አላስቻለኝም፤ ደጃፉ ላይ ወጥቼ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

እጃቸው አላቀፈኝም።

ቀስ ብለው አላቀቁኝና አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። መንገድ ለቀቁ።

«ግቢ፣ ልጄ። ደክሞሻል» አሉ።

የሚያዩት እኔን አልነበረም።

ትከሻዬን የሆነ ነገር ታከከኝ። ሞቅ ያለ ነው። የበሩ መጋረጃ ተገልጦ ተመለሰ። አባቴም ተከትለው ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ። ቀዝቅዟል፣ እየጨለመ ነው።

አባቴ ከመጋረጃው ውስጥ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«ደጅ የቆሙት ሴት ማን ናቸው? ታውቂያቸዋለሽ?»



ከዚያ የራሴ ድምፅ መለሰላቸው። ያልደከመ፣ የጠገበ ድምፅ ነው።

«እኔንጃ፣ አባባ... መሽቶባቸው ይሆናል። ይግቡ በሏቸው፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው።»