የቅዝቃዜው ምንጭ

በቆላበር ከተማ የሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ሐይቁ የሚከፈትበት ቀን ነው። ሐይቁ ያለው ከመሬት መቶ አርባ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በዘጠኝ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር በጀልባ ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዝናብ ከቆላበር ከራቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የክረምት ስሙ ብቻ ቀርቶ፣ በሐምሌ ቀትር ያለ ጥላ የቆመ ሰው ሐኪም ቤት ይገባል። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ የከተማው ሰው ወደ ላይ ይወጣል። በነጭ ሸራ ጥላ ሥር ይዋኛል፣ ይቀዝፋል፣ መረብ ኳስ ይጫወታል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን በሰሜን በኩል የተከመረውን እውነተኛ በረዶ ነው። ሰባት ፎቅ ከሚያህል ቁልቁለት በላስቲክ ሳህን እየተንሸራተቱ ይወርዱበታል።

ይህን ሁሉ የሚያቀዘቅዙት ስድስቱ ሙቀት ሳቢዎች በትርንጎ ኃላፊነት ሥር ነበሩ። ሙቀት ሳቢ ማለት ከውሃውና ከበረዶው ሙቀቱን መጥጦ፣ በቱቦ ለሚሄድ ፈሳሽ አሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ መሣሪያ ነው። ሙቀት አይጠፋም፤ የሚለውጠው ቦታውን ብቻ ነው። በግንባታው ሥዕል መሠረት ትኩሱ ፈሳሽ ከመሬት በታች አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሰው በማይኖርበት ደረቅ ወንዝ ላይ ሙቀቱን ይደፋና ቀዝቅዞ ይመለሳል። ትርንጎ በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። ደረቁን ወንዝ አንድም ቀን ሄዳ አላየችውም።

ያን እሑድ ጠዋት የአሥር ዓመት ልጇን ሶልያናን በረዶው ዘንድ ትታት ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሏ ወረደች። ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው ገብቷል። ከዚህ ውስጥ አራት ሺህ ያህሉ የታች ሰፈር ልጆች ነበሩ። ታች ሰፈር ፀሐይን ለመሸሽ ከመሬት በታች የተቆፈረ የሠራተኞችና የጡረተኞች ሰፈር ነው፤ ልጆቹ በመክፈቻው እሑድ ብቻ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ በነፃ ይገባሉ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የሦስተኛው ሙቀት ሳቢ ግፊት ማሻቀብ ጀመረ። አራተኛው ተከተለ፣ ከዚያም ሁሉም። ፈሳሹ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። የሐይቁ ሥራ አስኪያጅ አቶ ተስፋሁነኝ ደውለው በረዶው እየሟሟ እንደሆነ፣ ሰዉም ማጉረምረም እንደጀመረ ነገሯት። መስመሩ አንድ ቦታ ሳይታፈን አይቀርም፣ ሄጄ ልየው አለቻቸው። ግፊቱ በዚህ ከቀጠለ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ዋናው ቱቦ ይፈነዳል። ዋናው ቱቦ ደግሞ የሚያልፈው በበረዶው ቁልቁለት ሥር ነው።

ለጥገና በተሠራችው አንድ ሰው በምትይዝ ጋሪ ተሳፍራ፣ ቱቦውን ተከትላ በዋሻው ውስጥ ነዳች። ብዙ መንገድ ይጠብቀኛል ብላ ነበር። የጋሪዋ ቆጣሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ከማሳየቱ ግን ዋሻው በሲሚንቶ ግድግዳ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ቱቦው እዚያው ላይ ወደ መሬት ታጥፎ፣ እንደ ዛፍ ሥር በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ተበታትኖ ይገባል። ከመታጠፊያው አጠገብ ትልቁ የመዝጊያ መሪ አለ። አንድ ሽማግሌ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን መሪው ላይ አስደግፈዋል።

ትርንጎ አወቀቻቸው። ጋሽ በዳሶ ሙያውን ያስተማሯት ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልብሳቸው በላብ ከገላቸው ተጣብቋል።

«አንቺን እንደሚልኩ አውቄ ነበር» አሏት።

የዘጉት እሳቸው እንደሆኑ አልደበቁም። መስመሩን የዘረጉት ራሳቸው ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ቁፋሮው ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር። ለአንድ ክረምት ብቻ እዚህ እናሳርፈው፣ በሚቀጥለው ዓመት እንጨርሰዋለን ተባለ፤ እሳቸውም ፈረሙ። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ተጠናቋል ሲባል ሰሙና አመኑ። ወይም ማመን ቀለላቸው። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ቤት እነዚሁ ቱቦዎች በሚገቡበት በታች ሰፈር ነበር። አምና በመክፈቻው ሳምንት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሎሚናትን አልጋቸው ላይ ሞተው አገኟቸው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። ጋሽ በዳሶ ግን አስከሬኑን ሊያነሱ ሲጎነበሱ ክንዳቸው ግድግዳውን ነካ። ግድግዳው ያቃጥል ነበር።

«እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ» አሉ። «መዝገቡን ወደ ኋላ አገላበጥኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሐይቁ በሚከፈትበት ወር ብቻ ሁለት መቶ ስድስት ሰው ቀብረናል። በሌላው ወር ሦስት፣ አራት ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ስም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ደምሬው ግን አላውቅም ነበር።»

ትርንጎ ወደ ቱቦዎቹ ጠጋ አለች። መሬቱ ላይ ቁጭ ስትል ሙቀቱ ቀሚሷን አልፎ ተሰማት። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ፈሳሹ ሃያ ስምንት ደቂቃ ሊፈጅበት ይገባ ነበር። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳዋ ላይ ግን በአራት ደቂቃ ይመለስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን አራት ስታየው ኖራለች። በመጀመሪያው ዓመት ገርሟት ነበር። በኋላ ግን ፓምፖቹ ጥሩ ናቸው ብላ ተወችው።

በሬዲዮ አቶ ተስፋሁነኝን ጠርታ ያየችውን ነገረቻቸው። ሰውየው አልደነገጡም።

«ክፈቺው» አሏት። «ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«አንቺ የምታውቂውን ያህል አውቃለሁ። ሰሌዳው ፊትሽ ነበር።»

የቀራት አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። መሪውን ከሽማግሌው ወስዳ መክፈት አይከብዳትም ነበር፤ እሳቸውም እንደማይታገሏት ታውቃለች። ላይ ደግሞ ሶልያና አለች። ታች ሰፈርንም ሶልያናንም ለማዳን አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በእጇ ባለው መቆጣጠሪያ የምሥጢር ቁጥሯን አስገብታ ስድስቱንም ሙቀት ሳቢዎች አጠፋቻቸው። ወዲያው የሐይቁን ድምፅ ማጉያዎች በሙሉ ከሬዲዮዋ ጋር አገናኘች። ምን እንደምትል አላሰበችበትም። «እኔ የማቀዝቀዣው ኃላፊ ነኝ» አለች። «ውሃው መሞቅ ይጀምራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሕንፃዎቹ ኮሪደር ውረዱ። ሩጫ አያስፈልግም። ከሐይቁ የምናወጣው ሙቀት የሚደፋው ታች ሰፈር ሰዎች ቤት ውስጥ ነው። ሰው እየገደለ ነው። ያጠፋሁት ለዚህ ነው።»

ሰዉ ወረደ። አንድ ሰው ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ሶልያና ከጎረቤት ጋር ኮሪደር ውስጥ እንዳለች በሬዲዮ አረጋገጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በታች ሰፈር ያለው ሙቀት ከአርባ አራት ወደ ሠላሳ ሦስት ዝቅ አለ። ጋሽ በዳሶ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ትርንጎም ፊታቸውን ላለማየት ዞር አለች።

ከዋሻው ወደ ሰፈሩ ሲወጡ ሰዎች ተሰብስበው ይጠብቋቸው ነበር። ትርንጎ ለምስጋና የመጡ መሰላት። ከፊት የቆመችው ዘይነባ ነበረች፤ እዚያው ሐይቁ ላይ በጽዳት የምትሠራ፣ እናቷን ባለፈው ዓመት የቀበረች ሴት ናት። በአንድ እጇ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛለች። ልጅቷ የዋና ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ከማልቀሷ ብዛት ስቅታ ይዟታል።

ዘይነባ አልጮኸችም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቀን ሲቆጥሩ እንደከረሙ፣ ገብተው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው እንደተባረሩ ተናገረች።

«እናትሽ እኮ የሞቱት በዚህ ሙቀት ነው» አለቻት ትርንጎ።

«ማን ነገረሽ አናውቅም ብሎ?» አለች ዘይነባ። «የገዛ ቤታችን ግድግዳ ነው። ሐይቁ ሲከፈት ይግላል፣ ሲዘጋ ይበርዳል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ከተናገርን ሐይቁ ይዘጋል፣ ሲዘጋ እኛ ከሥራ እንወጣለን፣ ልጆቻችን ያችን አንድ ቀን እንኳ ሳያገኙ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ክረምቱን ይጨርሱታል። እናቴም ታውቅ ነበር። ልጅቷን ይዘሻት ውጪ ነው ያለችኝ፣ የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።»



ትርንጎ ማክሰኞ ከሥራ ተባረረች። ከተማው ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ነገሩ አወራ። ቀሪውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመቆፈር ሁለት ዓመት እንደሚያስፈልግ ተነገረ፤ እስከዚያ ሐይቁ ይዘጋ ወይስ ይከፈት ተብሎ ለድምፅ ቀረበ። ትርንጎና ጋሽ በዳሶ በታች ሰፈር ቤት ለቤት ዞሩ። ሰዉ ውሃ አቀረበላቸው፣ በትዕግሥት አዳመጣቸው፣ እስከ በሩም ሸኛቸው። ውጤቱ ሲነገር ከመላው ከተማ ከመቶ ስድሳ አንዱ ይከፈት ብሏል። ከታች ሰፈር ከመቶ ሰባ ስምንቱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሌላ ባለሙያ ወርዶ መሪውን ከፈተው። ለታች ሰፈር ልጆችም የተቋረጠባቸው ቀን በዚያው እሑድ ተተካላቸው።

በዚያ እሑድ ትርንጎ ልጇን ወደ ሐይቁ አልወሰደቻትም። ሶልያና አኩርፋ እናትየው ስትወጣ እንኳ አልተነሣችም። ትርንጎ አራት ቃሬዛ ተውሳ ከጋሽ በዳሶና ከእድሩ ሰባት ሰዎች ጋር ታች ሰፈር ገባች። ቱቦዎቹ የሚያልፉባቸውን ቤቶች በሥዕል ለይተው፣ ከአልጋ የማይነሱትን ሰዎች ወደ አሮጌው የባቡር ዋሻ ማውጣት ጀመሩ። ዋሻው ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነበር። እስከ ሰባት ሰዓት አርባ ሦስት ሰው አወጡ። ለሌሎች ሁለት ሰዎች አልደረሱም። ጋሽ በዳሶ መዝገባቸውን ይዘው መጥተው ስለነበር ሁለቱን ስሞች እዚያው ቆመው ጻፉ።

አርባ አራተኛዋ እማማ አስካለ ነበሩ። ክብደታቸው ከአንድ ሕፃን አይበልጥም፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ትርንጎ ፊት ለፊት፣ ጋሽ በዳሶ ከኋላ ሆነው ቃሬዛውን ተሸክመው በጠባቡ መተላለፊያ ሲሄዱ አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ። አስቁመው ውሃ አጠጧቸው።

«እስቲ ዝም በሉ» አሉ እማማ አስካለ፣ ዓይናቸውን በጣሪያው ላይ በሚያልፈው ቱቦ ላይ ተክለው። «የልጅ ልጄ ዛሬ ሐይቁ ላይ ናት። የልጆቹ ጩኸት በቱቦው ይወርዳል። ይሰማችኋል?»

ትርንጎ አዳመጠች። ቱቦው ውስጥ የሚፈላው ፈሳሽ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። የልጆች ጩኸት በፈሳሽ በተሞላ ቱቦ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ሊደርስ እንደማይችል ከማንም በላይ ታውቃለች።

«አዎ፣ እማማ» አለች። «ይሰማኛል።»

«እየሳቁ ነው አይደል?»

«እየሳቁ ነው።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትርንጎና ጋሽ በዳሶ ቃሬዛውን እንደገና አነሡ።